ስምንት ጊዜ የተቆጠሩት ወይዘሮ ዓፀደ

ይህ ነገር የሆነባትን ከተማ ስም አልጽፍም። ፈርቼ አይደለም፤ በየትኛው ፊደል እንደሚጻፍ ገና አልተወሰነም። ጉዳዩን የያዘው ጉባኤ ሰባተኛ ዓመቱን ይዟል። እስኪወስን ድረስ በደብዳቤዎቻችን ላይ ቦታውን ባዶ እየተውን እናልፋለን። እኔ በጊዜው በከተማዋ ቆጠራ ቤት፣ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ተቀምጬ ለገቢና ወጪ ደብዳቤ ቁጥር እሰጥ ነበር። ስለዚህ የምነግራችሁን ግማሹን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ግማሹን ደግሞ ይትባረክ ራሱ አጫውቶኛል።

ይትባረክ ፕሮግራመር ነበር። ሃያ ስምንት ዓመቱ፣ ቀጭን፣ ሲናገር ይቅርታ የሚጠይቅ የሚመስል ሰው። ቆጠራ ቤት የተቀጠረው ኮምፒውተሮቻችን በቫይረስ የተያዙ ጊዜ ነው። ጠዋት ስንገባ እናበራቸዋለን፤ ከዚያ ወጥተን ቁርስ በልተን፣ ጋዜጣ አንብበን፣ ተጣልተን ታርቀን ስንመለስ ገና በመነሳት ላይ ናቸው። ይትባረክ ይህን ሦስት ቀን ታዘበና ኮምፒውተሩን ከሥር የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም እንዲቀየር ሐሳብ አቀረበ፤ «ሊኑክስ ልጫንባቸው» አለ።

የቤቱ የበላይ ሊቀ ቆጠራ ደምሰው ነበሩ። ረጅም፣ ግርማ ያላቸው፣ «ዋናው ነገር» ሳይሉ ንግግር የማይጀምሩ ሰው ናቸው። ይትባረክን አስጠሩት።

«ዋናው ነገር፣ ይኼ ሊኑክስ የምትለው የማን ነው?»

«የማንም አይደለም ጌታዬ። በየአገሩ ያሉ ሰዎች እየተጋገዙ የሠሩት ነው። የፈለገ ወስዶ ይጠቀምበታል፤ ውስጡን ከፍቶም ያስተካክለዋል።»

«ሲበላሽ ማንን እንከሳለን?»

ይትባረክ ይህን አስቦበት አያውቅም ነበር። በቤቱ ደንብ ባለቤት የሌለው ነገር በር አያልፍም። ሁለት ሳምንት ከተጻጻፍን በኋላ መላውን ያገኘው ንብረት ክፍል ነው። የይትባረክ ላፕቶፕ ጀርባ ላይ የተለጠፈውን፣ የሊኑክስ ምልክት የሆነውን የፔንግዊን ሥዕል አይተው፣ ቅጹ ላይ «አቅራቢ» በሚለው ቦታ «ፔንግዊን»፣ «የአቅራቢው ሁኔታ» በሚለው ደግሞ «ወፍ፣ የማይበር» ብለው ሞሉ። ለዚያ ደብዳቤ ቁጥር የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ሊኑክስ ተጫነ። ኮምፒውተሮቹ በግማሽ ደቂቃ መነሳት ጀመሩ። ሠራተኛው ቁርሱን ስለተቀማ ቅሬታ አቀረበ፤ ቅሬታው ተገቢ ሆኖ ስለተገኘ ኮምፒውተሮቹ ከሦስት ሰዓት በፊት እንዳይበሩ ታዘዘ።

ቀጥሎ የመጣው የቁልፍ ጉዳይ ነው። ሊኑክስ ላይ ከበድ ያለ ነገር ለማድረግ፣ አዲስ ፕሮግራም ለመጫን ወይም ዋናውን መዝገብ ለመንካት፣ የባለሙሉ ሥልጣን የይለፍ ቃል ያስፈልጋል። ሊቀ ቆጠራ ደምሰው «ሙሉ ሥልጣን» የሚለውን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። ከኮምፒውተር ነገር የገባቸው የመጀመሪያው ቃል ሳይሆን አይቀርም። እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ወጣት እጅ አይቀመጥም ተብሎ ለማኅተም ጠባቂዋ፣ ለወይዘሮ የሺመቤት ተሰጠ።

ወይዘሮ የሺመቤት ሠላሳ ዓመት ማኅተም ሲመቱ የኖሩ፣ ኪቦርድ ነክተው የማያውቁ ሴት ናቸው። ይትባረክ ቁልፉ ባስፈለገው ቁጥር ማመልከቻ ይጽፋል፤ እኔ ቁጥር እሰጠዋለሁ፤ እሳቸው መነጽራቸውን አጥልቀው ይመጣሉ፤ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፤ እሳቸው በአንድ ጣት ይመታሉ። ሊኑክስ ደግሞ የይለፍ ቃል ሲጻፍበት ምንም አያሳይም፤ ኮከብ የለ፣ ነጥብ የለ።

«አይወጣም እኮ!» አሉ በመጀመሪያው ቀን።

«እየገባ ነው እትዬ፤ አይታይም እንጂ» አለ ይትባረክ ግድግዳውን እያየ።

«እየመታሁት ዝም ይለኛል! ይኼ ንቀት ነው።»

አሥራ አንድ ጊዜ ሞክረው ገባ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጣታቸውን ከማሳረፋቸው በፊት ስክሪኑን «እንደምን አደርክ» ይሉት ነበር። ይትባረክ ለውጥ እንደማያመጣ ያውቃል፤ ግን አልከለከላቸውም።

ከዚያ ፊደሉ ጠፋ። አንድ ጠዋት የሰው ስም ሁሉ በየኮምፒውተሩ ላይ ትንንሽ ሳጥን ሆኖ ታየ። ሊቀ ቆጠራ ሲያልፉ አዩትና «ዋናው ነገር ሥርዓት ይዟል» ብለው አመሰገኑ። ይትባረክ ግን እየተሯሯጠ የራሱን ኮምፒውተር አስተካከለ፤ የሌሎቹ እምቢ አለ። ምን እንደሆነ ሲጠየቅ፣ ፕሮግራመሮች ሁሉ ሲጨንቃቸው የሚሏትን ያችን ቃል ተናገረ።

«በእኔ ማሽን ላይ ይሠራል።»

እሱ ችግሩን መናገሩ ነበር። ሊቀ ቆጠራ ደምሰው ግን መፍትሔ የነገራቸው መሰላቸው። በማግስቱ የይትባረክ ጠረጴዛ ተነስቶ የባለጉዳይ መስኮት ቁጥር አንድ ላይ ተቀመጠ። የሚሠራው ማሽን እሱ ዘንድ ስለሆነ ሕዝቡ ወደ እሱ እንዲሄድ ታዘዘ። በዚህ ዓይነት አንድ ፕሮግራመር መስኮት ተቀምጦ ባለጉዳይ ማስተናገድ ጀመረ፤ ወይዘሮ ዓፀደን ያገኘውም በዚሁ ነው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሃምሳ ዓመት ገደማ የሆናቸው ሴት የመስኮቱን ጠርዝ በእጃቸው እየዳሰሱ መጡ። በቀይ የጥልፍ ክር የታሰሩ ስምንት መታወቂያዎች አስቀመጡለት።

«ከእነዚህ ውስጥ እኔ የትኛዋ እንደሆንኩ ንገረኝ ልጄ» አሉ።

ይትባረክ ክሩን ፈትቶ ደረደራቸው። በስምንቱም ላይ ያለው ፎቶግራፍ የእሳቸው ነው። የአባት ስም በሁሉም ላይ ገረመው ነው። የራሳቸው ስም ግን አንዱ ላይ አፀደ፣ ሌላው ላይ አጸደ፣ አንዱ ላይ ዐፀደ፣ ሌላው ላይ ዓጸደ፤ እንዲህ እያለ ስምንት ይሞላል።

«ይኼ ሁሉ ከየት መጣ እትዬ?»

ወይዘሮ ዓፀደ ጥልፍ ጠላፊ ናቸው። ከስድስት ዓመት በፊት ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው። ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ «ቀላል ነው፤ ሩብ ሰዓት አይፈጅም፤ ተራዎን ይጠብቁ» ተባሉ። የከተማዋ ፈውስ ቤት ደግሞ ተራ የሚጠራው ከቆጠራ ቤት በሚላክለት የስም ዝርዝር ነው። በከተማችን እያንዳንዱ ጸሐፊ የሚጽፈው የኔታው ባስተማሩት ፊደል ነው፤ የዐይኑ ዐ ወገን አለ፣ የአልፋው አ ወገን አለ፣ የጸሎቱ ጸ፣ የፀሐዩ ፀ። ወይዘሮ ዓፀደ ተራቸው በአንደኛው ፊደል ሲጠራ በእጃቸው ያለው መታወቂያ በሌላው ነው። «ይችኛዋ አይደሉም» ይባላሉ። በተጠራው ፊደል መታወቂያ አውጥተው ሲመለሱ ተራው አልፏል፤ የሚቀጥለው ደግሞ በሦስተኛ ፊደል ይጠራል።

«አንዷ ቀጠሮ አሳልፋለች ተብላ ወደ ሰልፉ መጨረሻ ተቀጥታ ተመለሰች» አሉ። «አንዷ ደግሞ ስትጠራ ስላልቀረበች እየተፈለገች ነው።»

«ማን ነው የሚፈልጋት?»

«እኔ እንድፈልጋት ደብዳቤ ጽፈውልኛል።»

ይትባረክ ሊስቅ ነበር። ቀና ሲል ግን ሴትዮዋ የሚያዩት እሱን ሳይሆን ከትከሻው በላይ ያለውን ግድግዳ ነው።

«ቀኙ ጨርሶ ሄዷል» አሉ። «ግራው ገና ጥላ ይለያል። አንተንም ጥላህን ነው የማየው። ክር በመርፌ ማስገባት ከተውኩ አራት ዓመቴ።»

ስማቸውን በየፊደሉ እየመታ ፈለገ። ስምንት ሰው ወጣ፤ የእናት ስም አንድ፣ የትውልድ ቀን አንድ፣ የቤት ቁጥር አንድ። ይትባረክ አፈረ። ማሽኑ አልተሳሳተም። ለማሽን ፀ እና ጸ እንደ መ እና በ የተለያዩ ናቸው፤ ድምፃቸው አንድ እንደሆነ የነገረው ሰው የለም። የፕሮግራሙን ውስጥ ከፍቶ ሲያይ፣ ከእሱ በፊት የነበረው ፕሮግራመር በዚያው ቦታ ላይ ማስታወሻ ትቷል፦ «አንድ ድምፅ ያላቸው ፊደሎች። በኋላ ይስተካከላል።» ማስታወሻው ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ጸሐፊው ከአገር ከወጣ ቆይቷል።

«ሐሙስ ይመለሱ» አላቸው።

ማስተካከያው አራት መስመር ነበር። አራቱን መስመር በአሥር ደቂቃ ጻፈ፤ ከዚያ አንድ የተረሳ ቅንፍ ሲፈልግ ከሰዓቱ አለቀ። ሲያገኘው ዋናውን መዝገብ ሳይነካ ቅጂ አውጥቶ በቅጂው ላይ ሞከረው። ስምንቱ ዓፀደ አንዲት ሆኑ፤ ከሁሉም ቀድሞ የተመዘገበውን የስድስት ዓመት ተራ ይዘው ከዝርዝሩ አናት ላይ ወጡ። ደስ አለው። ቀጥሎ ዓይኑ ከታች ያለው ድምር ላይ አረፈ። ጠዋት የከተማዋ ሕዝብ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሺህ አራት መቶ ስድስት ነበር። አሁን መቶ ሠላሳ አንድ ሺህ መቶ አሥራ ስምንት ነው። ሦስት ጊዜ ደግሞ ሞከረው። ሦስቱንም ጊዜ ያው ነው።

እዚህ ላይ ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። ከሁለት ዓመት በፊት ሕዝባችን ሁለት መቶ ሺህ ሲያልፍ ከተማዋ «ታላቅ ከተማ» ተብላለች። የቆጠራ ቤቱ አለቃ ሊቀ ቆጠራ የሆኑት ያኔ ነው። በከተማዋ መግቢያ በር ላይ ቁጥሩን በመብራት የሚያሳይ ሰሌዳ ቆሟል፤ ሰሌዳው ቁጥሩን የሚወስደው በቀጥታ ከእኛ መዝገብ ነው።

ሊቀ ቆጠራ ደምሰው ይትባረክን እስከ መጨረሻው አዳመጡት።

«ዋናው ነገር ጥሩ ሥራ ነው» አሉ። «ስለዚህ ኮሚቴ ያየዋል።»

ኮሚቴው ሦስት ጊዜ ተሰበሰበ። ይትባረክ ጥግ ተቀምጦ ሰማ። አንዱ ወገን ስሞቹ ሲዋሐዱ የሚቀረው ዐይኑ ዐ ይሁን ይላል፤ ሌላው በአልፋው አ ይምላል። አንድ ሽማግሌ አልቅሰው ነበር። በሁለተኛው ስብሰባ ስለ ዐይኑ ዐ ሦስት ሰዓት ሲከራከሩ ስለ ሴትዮዋ ዓይን ያነሳ ሰው የለም። ይትባረክ እጁን አወጣ።

«ይቅርታ፣ ሴትዮዋ አንድ ናቸው እኮ» አለ።

«ይኼ የአንተ አቋም ነው» አሉት ሰብሳቢው። «ኮሚቴው የየትኛውንም ወገን አቋም አይዝም።»

በሦስተኛው ስብሰባ ተወሰነ። ስምንቱም ወይዘሮዎች በአንድ ቀን በአካል ቀርበው፣ እያንዳንዳቸው ፈርመው፣ ከመካከላቸው አንዷን በሙሉ ድምፅ ይወክሉ።

ቀኑ ደረሰ። ወይዘሮ ዓፀደ ብቻቸውን መጡ፤ ሌላ ማንን ይዘው ይመጣሉ? በፊት በር ገብተው በአንደኛው መታወቂያ ፈረሙ፤ ወይዘሮ የሺመቤት ማኅተም መቱ። በደንቡ ሁለት ባለጉዳይ በአንድ ጊዜ አዳራሽ ውስጥ መገኘት ስላልነበረበት በጓሮ በር አስወጧቸው። ሕንጻውን በግድግዳው እየተመሩ ዞረው፣ ስድስት ደረጃ ወጥተው፣ በሁለተኛው መታወቂያ ተመልሰው ገቡ። ይትባረክ ሊደግፋቸው ሲነሳ፣ ምስክር ባለጉዳይን መንካት እንደማይችል ተነገረው። ሦስተኛዋ፣ አራተኛዋ፣ አምስተኛዋ ገቡ። ሰባተኛዋ ከመፈረሟ በፊት ግድግዳውን ተደግፋ አረፈች።

በስምንተኛው ዙር ደረጃው ጠፋቸው። ከውጭ አንድ ነገር ሲወድቅ ተሰማ። ይትባረክ ሮጦ ሲወጣ ወይዘሮ ዓፀደ የበሩ መቃን ስር ተቀምጠዋል፤ ግንባራቸው ተሰንጥቆ ደም በቅንድባቸው ይወርዳል፤ በእጃቸው መሬቱን እየዳሰሱ መታወቂያውን ይፈልጋሉ።

«መጥቻለሁ በላቸው ልጄ» አሉት። «ደጅ ነኝ በላቸው።»

ጸሐፊው ሩብ ሰዓት ጠበቀና ቃለ ጉባኤውን ዘጋ፦ ሰባቱ ቀርበዋል፣ ስምንተኛዋ ስላልቀረበች ጉዳዩ ለመጪው ዓመት ተላልፏል። ወይዘሮ የሺመቤት ማኅተሙን እንደያዙ ቆመው ነበር። ቃለ ጉባኤው ሲቀርብላቸው ለረጅም ጊዜ አዩት፤ ከዚያ መቱት።

በማግስቱ ጠዋት ይትባረክ ማመልከቻ ይዞ ወደ ጠረጴዛዬ መጣ። «ምክንያት» በሚለው ላይ «ማሻሻያ» ይላል። ቁጥር ሰጠሁት።

ወይዘሮ የሺመቤት መጡ። በዚያን ቀን ስክሪኑን ሰላም አላሉትም። ይትባረክ እንደ ልማዱ ወደ ግድግዳው ሊዞር ሲል እጁን ያዙት።

«አትዙር። የሴትዮዋ ነገር ነው?»

«አዎ።»

«ሌላም ሰው ይነካል?»

«ብዙ። ግን የሚጠፋ ሰው የለም እትዬ። ኃላፊነቱ በእኔ ይሁን።»

«በአንተማ መሆኑ አይቀርም» አሉና በአንድ ጣታቸው፣ አንድ በአንድ፣ መቱት።

ያን ሐሙስ ፈውስ ቤት ተራ ሲጠራ የመጀመሪያዋ ዓፀደ ገረመው ነበሩ። ግራ ዓይናቸው ተሠራ። ሩብ ሰዓትም አልፈጀም።

የሰሌዳው ቁጥር ግን ቁልፉ እንደተመታ ወርዶ ነበር። መጀመሪያ ያየው በበሩ የሚያልፍ ባለጋሪ ነው። ቀትር ላይ ከተማው በሙሉ ሰማ፤ ሰማንያ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሰማንያ ስምንት ሰው አልቋል። ሊቀ ቆጠራ ደምሰው ጥቁር ለብሰው የሦስት ቀን ሐዘን አወጁ። ሰው ማን እንደሞተ ስላላወቀ እርስ በርሱ ለቅሶ ይደራረስ ጀመር፤ እኔ ጎረቤቴ ቤት ንፍሮ ይዤ ስሄድ ጎረቤቴ እኔ ቤት ይዞ ሄዶ መንገድ ላይ ተላለፍን። በየቤቱ ሲቆጠር የጎደለ አልተገኘም። ይህም ሐዘኑን አከበደው፤ አስከሬን እንኳ ሳይገኝላቸው ተባለ።

ይትባረክ በአራተኛው ቀን ፍርድ ቤት ቀረበ። ክሱ ሰማንያ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሰማንያ ስምንት ሰው ማጥፋት ነው።

ወይዘሮ የሺመቤት ተጠየቁ። «ቁልፉን ሲመቱ ምን አዩ?»

«ምንም። እሱ ነገር ሲመቱት ምንም አያሳይም» አሉ። እውነት ነው።

ቀጥሎ ወይዘሮ ዓፀደ ግራ ዓይናቸው በፋሻ እንደተሸፈነ ቀረቡ። ዳኛው «እርስዎ ስምንት ነበሩ?» ሲሏቸው የችሎቱ ጸሐፊ ብዕሩን አነሳ።

«ይቅርታ ክቡር ዳኛ፣ "ነበሩ" ያሉት በአክብሮት ነው ወይስ በቁጥር?»

ችሎቱ ለዚህ ግማሽ ሰዓት አረፈ። ሲመለሱ ዳኛው ለጥንቃቄ «አንቺ» አሏቸው።

«ስምንት ነበርሽ ወይ?»

«አንድ ነበርኩ።»

«ሰባቱስ የት ደረሱ?»

«የነበሩ ጊዜም አላየኋቸውም» አሉ ወይዘሮ ዓፀደ። «ደረጃውን ስወጣ ግን የሚደክመኝ እኔን ብቻ ነበር።»

ይትባረክ ተራው ሲደርስ የሞተ ሰው እንደሌለ፣ ሁሉም በሕይወት እንዳሉ፣ እንዲያውም ብዙዎቹ አዳራሹ ውስጥ እንደተቀመጡ ተናገረ። ዳኛው እጃቸውን እንዲያወጡ ጠየቁ። የሞትኩ ነኝ ብሎ እጁን ያወጣ አልነበረም፤ ይህም ተመዘገበ።

ፍርድ ቤቱ በመጀመሪያ የጠፉት ሰዎች ከመዝገቡ መጠባበቂያ ቅጂ እንዲመለሱ አዘዘ። ሊቀ ቆጠራ ደምሰው ለአምስት ዓመት ሁለት ቁልፍ ባለው ካዝና ያስጠበቁትን ዲስክ በክብር አስመጡ። ዲስኩ ከነላስቲኩ ነበር፤ ምንም አልተገለበጠበትም። ያን ጊዜ ፍርዱ ተሰጠ፤ ተከሳሹ ያጠፋቸውን ሰዎች በእጁ፣ አንድ በአንድ፣ ወደ መዝገብ ይመልስ። የመጨረሻው ሰው እስኪመለስ ከቆጠራ ቤቱ ሰገነት ክፍል እንዳይወጣ። በቀን ሰባ አራት ሰው ቢመልስ ሦስት ዓመት ይፈጅበታል ተብሎ ተሰላ።

በመጀመሪያው ጠዋት ምግብ ይዤለት ወጣሁ። መስኮቱ ከከተማዋ በር ጋር ፊት ለፊት ነው፤ ሰሌዳው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ይትባረክ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል።

«ጀመርክ?» አልኩት።

«ጨረስኩ» አለኝ። «ስሞቹን ሳላዋሕድ በፊት ያወጣሁት ቅጂ በእጄ ነው። ሰሌዳው ብቻ የሚያነበው ለብቻው የሆነ ፋይል አዘጋጀሁ፤ ፈውስ ቤት የሚሄደው ዝርዝር አይነካም። አርባ ሰከንድ ፈጀ። አሁን በየቀኑ ሰባ አራት ሰባ አራት ሰው ራሱ ይለቃል።»

«ታዲያ ለምን ሁሉንም ለቅቀህ አትወጣም?»

«አርባ ሰከንድ የፈጀ ቅጣት ቅጣት ነው ይሉኛል? ሌላ ይፈልጉልኛል» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ እውነቱን ልንገርህ፣ ተመችቶኛል። ኮሚቴ የለም። ፕሪንተር የለም። ባለጉዳይ የለም። ሁሉም የፈለገውን አገኘ፤ ሊቀ ቆጠራው ቁጥራቸውን፣ ሴትዮዋ ዓይናቸውን። ማንን ጎዳሁ?»

እኔም ማንን እንደጎዳ አልታየኝም። በእርግጥ ነገሩ ለሁሉም ተስማማ። በየቀኑ ቀትር ላይ ሰሌዳው ሰባ አራት ሲጨምር ሕዝቡ በሩ ሥር ተሰብስቦ ያጨበጭባል። ከበሮ መጣ፤ ቆሎ ሻጭ መጣ። ሊቀ ቆጠራ ደምሰው በየሳምንቱ ንግግር ያደርጉና «ዋናው ነገር ወገኖቻችን እየተመለሱ ነው» ሲሉ እልልታው ይቀልጣል። ወይዘሮ ዓፀደ በሁለተኛው ወር ቀኝ ዓይናቸውን ተሠርተው፣ ለይትባረክ አንገትጌው የተጠለፈ ሸሚዝ ላኩለት። እሱም ሸሚዙን ለብሶ በመስኮቱ ሕዝቡን ሲያይ ይስቅ ነበር።

በአራተኛው ወር አንድ ሽማግሌ ወደ ጠረጴዛዬ መጡ። አቶ ውብሸት ይባላሉ፤ ጫማ ሰፊ ናቸው። ሰው የሚመልሰውን ልጅ ማግኘት እፈልጋለሁ አሉኝ። ደንቡ አይፈቅድም፤ ግን ከየት እንደመጡ ሲነግሩኝ የግማሽ ቀን መንገድ በእግራቸው እንደሆነ ገባኝ። ይዣቸው ወጣሁ።

አቶ ውብሸት ባርኔጣቸውን አውልቀው በሩ ላይ ቆሙ።

«ሰው የምትመልሰው አንተ ነህ?»

ይትባረክ እንደ ቀልድ «እኔ ነኝ አባቴ» አለ።

ሽማግሌው ከደረት ኪሳቸው አንድ ፎቶግራፍ አወጡ። የሃያ ዓመት ገደማ ወጣት ነው።

«መንበሩ ይባላል። መንበሩ ውብሸት። አምና በክረምት ወንዝ ወሰደው። ያኔ ሰው የሚመለስ መሆኑን አልሰማሁም ነበር፤ ዘግይቼ እንደሆነ ይቅርታ። ከእነዚያ ኋላም ቢሆን ግድ የለም፣ ተራ እንጠብቃለን። እናቱም ትጠብቃለች።»

ይትባረክ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። እኔን አየኝ፤ እኔ መሬት አየሁ። ከዚያ ወደ ኪቦርዱ ዞሮ ስሙን መታ። ለምን እንደፈለገው ኋላ ስጠይቀው «አንድ ተደጋጋሚ እንኳ ቢኖረው ብዬ ነው» አለኝ፤ ምን ሊያደርግበት እንደሆነ ግን ራሱም አያውቅም። በሰማንያ አንድ ሺሁ ውስጥ መንበሩ ውብሸት የሚባል የለም። ስሙ በአንድ ዓይነት ፊደል ብቻ የሚጻፍ ነው። በዋናው መዝገብ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ተጽፏል፤ ጎኑ ላይ የሞተበት ቀን አለ።

«አባቴ» አለ ይትባረክ። ከወንበሩ ተነሳ። «አባቴ፣ እኔ የምመልሰው ያልነበሩትን ብቻ ነው።»

አቶ ውብሸት በእጃቸው ያለውን ፎቶግራፍ አዩ።

«የኔ ልጅ ግን ነበረ» አሉ።

ፎቶግራፉን በመሐረብ ጠቅልለው ወደ ኪሳቸው መለሱ። ባርኔጣቸውን አደረጉ። ስላስቸገሩ ይቅርታ ጠይቀው ደረጃውን ወረዱ። ከታች ቀትር ስለደረሰ ከበሮው ጀምሯል።

ይትባረክ ተመልሶ ተቀምጦ አንድ መስመር ጻፈና መታው። ሰሌዳው በአንድ ጊዜ ዘለለ፤ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሺህ አራት መቶ ስድስት። በሩ ሥር ያለው ሕዝብ መጀመሪያ ጸጥ አለ፤ ቀጥሎ የተነሳው ጩኸት የሰገነቱን መስታወት አንቀጠቀጠ። የመጨረሻው ሰው ስለተመለሰ ፍርዱ አልቋል። ይትባረክ ጃኬቱን አንስቶ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወረደ፤ የጠየቀው ዘበኛ የለም፤ ዘበኛውም እያጨበጨበ ነበር።

ሽማግሌውን የደረሰባቸው በሩ ሥር ነው። ሕዝቡ እየጨፈረ ወዲያና ወዲህ ይገፋቸዋል፤ ባርኔጣቸው ወድቋል። ይትባረክ አንስቶ አራገፈላቸው፤ ክንዳቸውን ያዘ።

«ምን ተገኝቶ ነው?» አሉት ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው።

«ሁሉም ተመለሱ እያሉ ነው።»

አቶ ውብሸት ቀና ብለው ሰሌዳውን አዩት። ዓይናቸውን አጥበው ከመጀመሪያው አሃዝ እስከ መጨረሻው፣ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው፣ የልጁን ስም ከዝርዝር ውስጥ እንደሚፈልግ ሰው አዩት። ይትባረክ አልጎተታቸውም። አይተው እስኪጨርሱ ክንዳቸውን ይዞ ቆመ።